ከጅማ ወደ ሞምባሳ ለአጭር ዕረፍት፦ ከፓስፖርት እስከ መልስ ጉዞ

ጅማ ላይ ሆኖ ባሕር ያማረው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን «እሱ የሀብታም ነገር ነው» ብሎ ይተወዋል። ወይም ደግሞ የአሥር ቀን ዕረፍት እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ አሥር ቀን ደግሞ አይገኝም። አምስት ቀን ግን ይገኛል። አምስት ቀን ለኬንያዋ የባሕር ዳር ከተማ ለሞምባሳ ይበቃል፤ ግን የምትሠሩትን ካሳነሳችሁ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ልክ ነው።

ለምን ሞምባሳ? ዋናው ምክንያት ወረቀት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ውብ ናት፣ አልክድም። ግን ቪዛ ትጠይቃለች፤ በዚያ ላይ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ታስገዛለች። ለአጭር ዕረፍት ይህ ሁሉ ጣጣ አያዋጣም። ሁለተኛው ምክንያት ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ መኖሩ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከጅማ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ከሚወስደው በጣም ያነሰ ማለት ነው።

1. ወሩን ምረጡ

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የሞምባሳን ዝናብ እወቁ። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ድረስ ነው። ግንቦት ላይ ከሄዳችሁ የሆቴል መስኮት ስታዩ ልትውሉ ትችላላችሁ። ትንሹ ዝናብ በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል፤ እሱ ያን ያህል አያስፈራም።

ለጅማ ሰው የሚመቸው ነገር ይኸውላችሁ። እኛ ክረምት ውስጥ ተዘፍቀን ጭቃ ስንረግጥ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሞምባሳ ከዓመቱ ሁሉ ቀዝቀዝ የምትልበት ጊዜ ነው። ለእግር ጉዞና ለታሪክ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። አንድ እንከን አለው፦ በእነዚህ ወራት ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ስለሚነፍስ ባሕሩ ይናወጣል፤ የባሕር ሣርም ወደ ዳር ይወጣል። የጠራና የተኛ ውኃ የፈለገ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሂድ። ያኔ ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ተራው ነው። ሙቀቱ ግን ያኔ ይበረታል። ሁለቱ ነፋሶች ለመዝናኛ ብቻ አይደሉም፤ የከተማዋ ታሪክ በእነሱ ላይ የቆመ ነው። የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች መርከብ በካስካዚ እየተገፋ ይመጣል፣ ሸቀጡን አራግፎ ኩሲን ይጠብቃል፣ በኩሲ ይመለሳል።

ረመዳንንም በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ እዩ። አሮጌው ከተማ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። በረመዳን ቀን ላይ ምግብ ቤቱ ይዘጋል፣ ማታ ግን መንገዱ ሁሉ በምግብ ይሞላል። ይህን የሚወድ አለ፣ የሚቸገርም አለ። እኔ የምወድ ነኝ።

2. ወረቀቱን ጅማ ላይ ጨርሱ

ፓስፖርት ከሌላችሁ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ማመልከቻው በኦንላይን ይሞላል፣ ጅማም የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቅርንጫፍ ስላለ ለአሻራ አዲስ አበባ መውረድ አይጠበቅባችሁም። ፓስፖርት ካላችሁ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ክፈቱና እዩ። ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ የኬንያን የመግቢያ ደንብ በኢሚግሬሽናቸው ድረ ገጽ ላይ አንዴ ተመልከቱ፤ አምስት ደቂቃ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚገባ መንገደኛ ይጠየቃል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ለጉዞው ሳምንት ሲቀር ሮጦ መከተብ ዋጋ የለውም። አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱን ፓስፖርቱ ውስጥ አጣጥፋችሁ አኑሩት። ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ስም ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙንም አረጋግጡ።

ክትባቱን ስትወስዱ ስለ ወባ መከላከያ ክኒንም ሐኪሙን አማክሩ። «ወባን እኛ እናውቃታለን» ማለት አያድንም። ሞምባሳ ላይ ወባ ዓመቱን ሙሉ አለ።

የደርሶ መልስ ትኬታችሁንና የሆቴል ማስያዣችሁን በወረቀት አትሙ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ የኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ኔትወርክ ይጠፋል። ወረቀት ግን አይከዳም።

3. ትኬቱን በአንድ ቁረጡ

ከጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ሞምባሳ። ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ላይ ግዙ። ለየብቻ የገዛ ሰው የጅማው በረራ ከዘገየ ሁለተኛው ያመልጠዋል፣ ኪሳራውም የራሱ ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን አየር መንገዱ ወደሚቀጥለው በረራ ያዛውራችኋል። በክረምት ጠዋት ጅማ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በሁለቱ በረራ መካከል ሰፊ ጊዜ ይኑር።

በመኪና መሄድ የፈለገ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። በሰኮሩ አድርጎ የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ፣ ወልቂጤንና ወሊሶን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። መንገዱ ደስ ይላል፤ ግን ሙሉ ቀን ይበላል፣ አዲስ አበባም ማደር ግድ ይሆናል። ከአምስት ቀን ላይ ሁለቱን ቀን ለአውቶቡስ ከሰጣችሁ ምን ይቀራችኋል? ገንዘብ የምትቆጥቡበት ሌላ ቦታ ፈልጉ። በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ግን መንገዱ በዋዜማው ሰላም መሆኑን መናኸሪያ ጠይቁ።

የሞምባሳው ትኬት ተወዶ ከሆነ ሌላ መላ አለ። ናይሮቢ ድረስ በረሩና ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በጻቮ ፓርክ መሃል ስለሚያልፍ ዕድል ከቀናችሁ ዝሆን በመስኮት ታያላችሁ። ባቡሩ ግን ከተማው መሃል አያወርዳችሁም። ጣቢያው ሚሪቲኒ ነው፣ ከደሴቷ ውጪ። ከዚያ ታክሲ ያስፈልጋል። ይህ መንገድ ስድስትና ሰባት ቀን ላለው ሰው ይሻላል።

የሰዓት ነገር፦ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቀኑም እንዲሁ። 02:00 ካለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ያውም ዕለቱ ከገባ በኋላ። ቦሌ በማግስቱ የሚደርስ ሰው ጥቂት አይደለም። ኬንያና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፣ ስለዚህ ስልካችሁን አትነካኩት።

4. ብሩን ወደ ምን እንደምትቀይሩ ወስኑ

ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ወደ ባንካችሁ ሂዱና የጉዞ ዶላር ጠይቁ። ባንኩ በዕለቱ የሚሰጠውን መጠን እዚያው ይነግራችኋል። ለጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀር ሂዱ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ባይኖረው ሌላውን ለመሞከር ጊዜ ይኖራችኋል። ከጥቁር ገበያ መግዛት ሕገ ወጥ ነው፣ በአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይም ምንጩን የሚያሳይ የባንክ ደረሰኝ መያዝ ይጠቅማል። አዲስና ያልተቀደደ ኖት ጠይቁ። ያረጀና የተጻፈበት ዶላር ብዙ ምንዛሪ ቤት አይቀበልም፤ ቢቀበልም ዋጋ ይሰብራል። ብር ይዞ መሄድ ግን ትርፉ ድካም ነው።

ሞምባሳ አየር ማረፊያ ስትደርሱ ለታክሲና ለራት የሚበቃችሁን ብቻ መንዝሩ። ቀሪውን ከተማ ውስጥ ምንዛሪ ቤቶች አወዳድራችሁ ቀይሩ። እዚያው በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጡና ኤምፔሳ አስከፍቱበት። ከሙዝ ሻጭ እስከ ባጃጅ ሁሉም በኤምፔሳ ይቀበላል። የመንግሥት ሙዚየሞች መግቢያ ላይ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ላይቀበሉ ይችላሉ። አገር ቤት በምትጠቀሙበት ኤምፔሳ ግን እዚያ ለመክፈል አትመኩ።

5. የት ማደር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። አስጎብኚዎቹ ሁሉ ባሕር ዳር ሆቴል ይሸጡላችኋል፤ ኒያሊ፣ ባምቡሪ፣ ዲያኒ። ውብ ናቸው። ችግሩ ሞምባሳ ደሴት መሆኗ ነው። አሮጌው ከተማና ፎርት ጂሰስ የሚባለው ምሽግ ደሴቷ ላይ ናቸው፣ የመዋኛው ዳርቻ ግን ከደሴቷ ውጪ ነው። በሰሜን ድልድይ ትሻገራላችሁ፣ በደቡብ በሊኮኒ በኩል ትልቅ ጀልባ። ትራፊኩ ሲያዝ ግማሽ ቀን ይነጥቃችኋል።

ስለዚህ ለአምስት ቀን ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊት አሮጌው ከተማ ውስጥ ወይም ደጃፉ ላይ እደሩ። ከዚያ ዕቃችሁን ይዛችሁ ለሁለት ሌሊት ኒያሊ ሂዱ። ዲያኒን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ስታስይዙ አጎበር መኖሩን፣ የአየር ማቀዝቀዣው ወይም ማራገቢያው መሥራቱን ጠይቁ። እኛ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው። እዚያ የባሕር ጠለል ነው፤ ሌሊቱ ሳይቀር ያልባል።

6. ሻንጣ

ቀላል የጥጥ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ነጠላ ጫማ፣ የጸሐይ ቅባት። ለአሮጌው ከተማ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይኑራችሁ። የመዋኛ ልብስ ለባሕር ዳር ብቻ ነው። የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ የእኛ ቻርጀር አይገባበትም፤ አዳፕተር ያዙ።

ፌስታል እንዳትይዙ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ከልክላዋለች፣ ቅጣቱም የዋዛ አይደለም። ጫማውን በፌስታል፣ ሳሙናውን በፌስታል ጠቅልሎ መክተት ልማዳችን ነውና ሻንጣውን ከመዝጋታችሁ በፊት አንዴ ፈትሹት። የጨርቅ ከረጢት ይበቃል።

7. ቀኖቹን እንዴት ትከፍሏቸዋላችሁ

የመጀመሪያው ቀን የጉዞ ነው። ምንም አታቅዱበት። ብሉና ተኙ።

ሁለተኛው ቀን ለፎርት ጂሰስ ምሽግና ለአሮጌው ከተማ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ላይ ድረሱ። ከ5 ሰዓት በኋላ ጸሐዩ በግንቡ ላይ ነጥሮ ይመታችኋል። ምሽጉን ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መሥራት የጀመሩት ነው፤ ንድፉ የጣሊያናዊው የጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ነው። ድንጋዩን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ የባሕር ኮራል ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ አንዳንዱ ላይ የዛጎል ቅርጽ ይታያል። ከ1696 እስከ 1698 የኦማን ዓረቦች ከብበውት ወደ ሦስት ዓመት የተጠጋ ጊዜ ቆየ። በውስጡ የነበረው ሰው በጥይት ካለቀው በበሽታና በረሃብ ያለቀው ይበዛል። ሊረዳቸው ከመጣው መርከብ አንዱ፣ ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና፣ እዚያው ምሽጉ ሥር ሰጠመ። ከባሕር የወጣው ዕቃው ዛሬ በሙዚየሙ ውስጥ አለ። እንግሊዞች ደግሞ ምሽጉን እስከ እ.ኤ.አ. 1958 እስር ቤት አድርገውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ሁሉም ሰው መድፎቹ ጋ ፎቶ ይነሳል። እናንተ ግን የፖርቱጋል ወታደሮች ግድግዳ ላይ የሳሏቸውን ሥዕሎች ሳታዩ እንዳትወጡ። መርከብ፣ ሰው፣ ዓሣ፤ ዘብ የቆመ ሰው ሰልችቶት የሞነጫጨረው ነው። ከመድፉ ይልቅ ስለዚያ ዘመን የሚናገሩት እነዚህ ናቸው። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ መታወቂያ ያለውን ያዙና ዋጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ።

ከምሽጉ ስትወጡ አሮጌው ከተማ ከበሩ ይጀምራል። ንዲያ ኩ የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። በሮቹን እዩ። የበሩ መቃን በአበባና በሰንሰለት ቅርጽ ተፈልፍሏል። በላዩ የተንጠለጠለው የእንጨት በረንዳ መንገዱን ጥላ ያደርገዋል። ጂሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ አይታችሁ ከሆነ ዓይናችሁ ቶሎ ይለምደዋል። ካላያችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ውጡና እዩት፤ ሁለቱን አስተያይቶ ማየት ደስ ይላል። ወደ ውስጥ ስትዘልቁ የማንድሪ መስጊድን ታገኛላችሁ። ሚናሬቱ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ነጭ ነው። ዝቅ ሲባል አሮጌው ወደብ አለ፤ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1331፣ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 የደረሱባት ደሴት ይህችው ናት። ዳ ጋማ ፊት ነስተውት ወደ ማሊንዲ ነው የሄደው።

ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ተኙ። ቀልዴን አይደለም። ነዋሪውም በዚያ ሰዓት ጥላ ይፈልጋል።

ማታ ቡና። አዎ፣ የጅማ ሰው ሞምባሳ ሄዶ ቡና ይጠጣል። ሻጩ ከሰል ከሥሩ ያለው ረጅም የናስ ማንቆርቆሪያ ይዞ ይቀመጣል። ቡናው ጥቁርና መራራ ነው፤ ዝንጅብል ይገባበታል፤ ከእኛ ሲኒ በምታንስ ሲኒ ይቀዳል። ስኳር አይጨመርበትም፣ ይልቅ ካሻታ የሚባል የኦቾሎኒ ወይም የኮኮናት ጣፋጭ ይነከስበታል። አትፍረዱበት። ሁለተኛውን ስኒ ስትጠጡ ይገባችኋል።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ገበያ። ማሪኪቲ የሚሉት የማኪኖን ገበያ ቅመም ነው። ቀጥሎ ያለው ቢያሻራ ጎዳና ደግሞ ጨርቅ። ካንጋ የሚሉት ጨርቅ ጥንድ ሆኖ ይሸጣል፣ ከታች በኩል በስዋሂሊ የታተመ አባባል አለው። ሻጩን ትርጉሙን ሳትጠይቁ እንዳትገዙ፤ አንዳንዱ ተረብ ነው፤ ለአማት የሚሰጥ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ወደ ኒያሊ ተሻገሩ።

አራተኛው ቀን የባሕር ነው። እዚህ ላይ የማዕበሉን መውጣትና መግባት ማወቅ ግድ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ውኃው ርቆ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል። ሆቴሉን «ውኃው የሚሞላው ስንት ሰዓት ነው?» በሉ፤ መዋኘት ያኔ ነው። ሲሸሽ እስከ ኮራል ድንጋዩ ድረስ በእግር መሄድ ይቻላል፤ ግን ጫማ አድርጉ፣ እሾሃማ የባሕር ፍጥረት ይወጋል። ተመልሶ መሙላት ሲጀምር ወሬ ሳታበዙ ወደ ዳር ውጡ። ሐይቅ ውስጥ መዋኘት የቻለ ሰው ውቅያኖስ ይችላል ማለት አይደለም። ዋና የማትችሉ ወገብ ድረስ በቂ ነው።

ለማታው ወደ ደሴቷ ለመመለስ አቅም ካላችሁ ማማ ንጊና የባሕር ዳር መናፈሻ ሂዱ። ትልልቅ የባኦባብ ዛፎች አሉ፣ ቤተሰብ ሁሉ ይወጣል። ሎሚና ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት የካሳቫ ጥብስ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጣሉ። ጸሐይ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ትጠልቃለችና 11 ሰዓት ላይ ድረሱ።

8. ስትበሉና ስትንቀሳቀሱ

ጠዋት ማሃምሪና ምባዚ ብሉ። ማሃምሪ ሄል ያለበት የተጠበሰ ሊጥ ነው፣ ምባዚ በኮኮናት ወተት የተሠራ የእርግብ አተር ወጥ። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ብቻ በዘይት ነው ወይስ በቅቤ ብላችሁ ጠይቁ። ለሙስሊም አንባቢ አሮጌው ከተማ ላይ ሐላል ፍለጋ የለም። ፒላውና ቢሪያኒ የሚባሉት የሩዝ ምግቦች ለምሳ፣ ምሽካኪ የሚሉት በእንጨት ተሰክቶ የተጠበሰ ሥጋ ለማታ። ጥም ሲይዝ ማዳፉ፤ አናቱ ተቆርጦ የሚሰጥ ለጋ ኮኮናት ነው። የቧንቧ ውኃ አትጠጡ።

ባጃጅ እዚያም አለ፣ ቱክቱክ ይሉታል። ዋጋ ሳትነጋገሩ አትግቡ። መኪና በግራ ስለሚሄድ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ልጆች ካሉ እጃቸውን ያዙ፤ ይህ ቀላል የሚመስል ግን እውነተኛ አደጋ ነው። የሊኮኒ ጀልባ ለእግረኛ ነጻ ነው። በጀልባውም በወደቡም ካሜራ አታውጡ፤ ፖሊስ ያስቆማችኋል።

በቀጠሮ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ። በስዋሂሊ «ሳ ንኔ» ካላችሁ የእኛው 4 ሰዓት ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን 10 ይላል። ስለዚህ በየትኛው ቋንቋ እንደተቀጣጠራችሁ አስታውሱ።

9. መልስ

አምስተኛው ቀን ጠዋት ዕቃ ሰብስቡ። ዛጎልና ኮራል አትያዙ፤ ያለ ፈቃድ ማውጣት ክልክል ነው፣ ከባሕር ዳር የሸጠላችሁ ልጅ ይህን አይነግራችሁም። የቀራችሁን ሽልንግ እዚያው አየር ማረፊያ መንዝሩት ወይም ጨርሱት። ጅማ ላይ የሚቀበላችሁ አታገኙም።

የአዲስ አበባው በረራ ማታ የሚገባ ከሆነ አዲስ አበባ እደሩና በማግስቱ ወደ ጅማ ብረሩ፤ ለዚህ አንድ ተጨማሪ ቀን አስቀድማችሁ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ያዙበት። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ፣ ለሐኪሙም ሞምባሳ እንደነበራችሁ ንገሩት።